ጠርሙሱ ላይ ያለው 2014 የማን 2014 ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ሊባኖስ ቀይ ወይን በሁለት መስመር ብቻ ጠቅሼ ነበር ያለፍኩት። ጥያቄው ግን ጎረፈ። ሊባኖስ ውስጥ ዛህሌ በምትባል የቤካ ሸለቆ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራ እንደነበር፣ አሁን ደግሞ ከብሔራዊ ቴአትር ዝቅ ብሎ ባለ ምግብ ቤት የመጠጥ ክፍሉን እንደያዝኩ የምታውቁ ብዙ ናችሁ። የዛሬው ዓምድ በሙሉ የዚሁ ጉዳይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

እትዬ፣ እህቴ ከቤይሩት ስትመጣ ሻቶ ሙዛር የሚባል ቀይ ወይን ይዛልን መጣች። ላዩ ላይ 2014 ይላል። ባለቤቴ «ገና ለጋ ነው፣ ይቆይ» ይላል። እኔ ደግሞ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ አይቼበት ተበላሽቷል ብዬ ፈራሁ። ለልጃችን ክርስትና ልንከፍተው ነበር። — ከካዛንቺስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። መጀመሪያ ዓመቱን እናስተካክል። ጠርሙሱ ላይ ያለው 2014 የፈረንጅ ነው። ወይኑ የተለቀመበት ዓመት ማለት ነው። በኛ ሲሰላ 2006 ሊያልቅ ሲል ወይም 2007 ሲገባ ነው። ባለቤትሽ በኛ ቆጥሮት ይሆናል፤ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው እንደዚያ ያነበዋል። ስለዚህ ለጋ አይደለም።

አርጅቷልም ብለሽ ደግሞ አትስጊ። ሙዛር ቀይ ወይኑን ለገበያ የሚያወጣው ከተለቀመ በሰባተኛው ዓመት ላይ ነው። መጀመሪያ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይፈላል። ቀጥሎ አንድ ዓመት ያህል በፈረንሳይ ኦክ በርሜል ይቀመጣል። ከዚያ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ካሪኛንና ሳንሶ የሚባሉት ሦስቱ የወይን ዓይነቶች ይደባለቃሉ። ከቀሪው ዓመት አብዛኛውን የሚያሳልፈው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ምድር ቤት ተኝቶ ነው። እና ያንቺ ወይን አሁን ጥሩ ዕድሜ ላይ ነው ያለው።

ዝቃጩ ጉድለት አይደለም። ይህ ወይን ሳይጣራ ነው ጠርሙስ የሚገባው። ቀለሙና ያ አፍ የሚያጣብቀው ታኒን የሚባለው ነገር ከዓመት ዓመት እየተያያዘ ይከብድና ከሥር ይተኛል። የጠላ አተላ እንደሚወርደው ነው። አይጎዳም፤ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ግን አፍ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል።

አከፋፈቱን ልንገርሽ። ከክርስትናው በፊት ባለው ቀን ጠርሙሱን አቁሚው፤ ዝቃጩ ከሥር ይሰብሰብ። በበዓሉ ቀን አትነቅንቂው። ቡሹ ያረጀ ስለሚሆን ቀስ ብሎ የሚስብ ሰው ይክፈተው፤ ቢሰበርም አትደንግጪ፣ በንጹሕ ወንፊት ይወጣል። ከዚያ ንጹሕ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ አቅርቢና የስልክሽን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ሥር አብሪ። በአንድ ትንፋሽ፣ ሳታቋርጪ፣ በቀስታ ቅጂ። ወይኑ መጀመሪያ ጥርት ብሎ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ጥቁሩ መስመር ወደ አንገቱ ሲጠጋ መብራቱ ያሳይሻል። እዚያ ላይ አቁሚ። የሚቀረው ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ አይቆጭሽ።

እንደተከፈተ የጥፍር ቀለም የሚመስል ሽታ ሊሸትሽ ይችላል። ሙዛር እንደዚያ ነው፤ ሰዓት ያህል ሲተነፍስ ይለሰልሳል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ ከሸተተሽ ግን ቡሹ አበላሽቶታል። ያ በመቆየት አይድንም፣ ድፊው።

ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ሊባኖስ የዓረብ አገር ናት፤ ወይን መሥራት ያስተማሯቸው ፈረንሳዮች ናቸው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክሬ በማኪያቶ ተወራርደናል። ፍርድሽን። — ከአራት ኪሎ

ጋሼ፣ ማኪያቶውን እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት። ከክርክርዎ ውስጥ እውነት የሆነ ክፍል ስላለ ግን ልዘርዝርልዎ።

ከሲዶና ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ቴል ኤል ቡራክ የሚባል ባሕር ዳር ያለ ጉብታ አለ። አርኪዮሎጂስቶች እዚያ የፊንቃውያን፣ የጥንቶቹ የሊባኖስ ባሕር ዳር ሰዎች፣ የወይን መጭመቂያ አግኝተዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ሲሠራበት የነበረ ነው። ወይኑ በእግር የሚረገጥበት ገንዳ አለ፤ ጭማቂው የሚወርድበት ጉድጓድ ደግሞ 4,500 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህ ለቤት የሚበቃ ብቻ አይደለም፣ ለንግድ ነው። የተለሰነበትን ኖራ ከተፈጨ የሸክላ ስብርባሪ ጋር ቀላቅለው ነው የሠሩት፤ ውኃ እንዳያሳልፍ። ይህን የግድግዳ ነገር ሳነብ እጅግ ነው የደነቀኝ። የሸክላውን ስብርባሪ እንኳ አልጣሉትም!

በመርከብ ወደ ውጭ ይልኩት እንደነበረም ይታወቃል። ከእስራኤል የባሕር ዳርቻ ርቆ፣ ወደ 400 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የሰመጡ ሁለት የፊንቃውያን መርከቦች ተገኝተዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የሄዱ ናቸው። ጭነታቸው በመቶዎች የሚቆጠር የወይን እንስራ ነበር።

እርስዎ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከሆኑ ትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 14ን ይመልከቱ። ነቢዩ መልካም ዝናን የሚመስለው በሊባኖስ ወይን ጠጅ ነው። ፈረንሳይ የምትባል አገር ያኔ የለችም። ሊባኖሶች ቃና ዘገሊላም የኛ ናት ይላሉ፤ ጢሮስ አጠገብ ቃና የምትባል መንደር አለቻቸው። እስራኤል ውስጥ ያለችው ከፍር ካና ናት የሚሉም አሉ። እኔ ዛህሌ ሳለሁ ጥር 12 ሲደርስ ይህን እያነሳሁ ከቤቱ አያት ጋር ብዙ አውርተናል።

ከዚያ ሮማውያን መጡ። ባልቤክ ላይ ለባከስ፣ ለወይን አምላካቸው፣ የተሠራ ነው የሚባለው ቤተ መቅደስ ዛሬም ቆሟል። የ2ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው። በሩ ላይ የወይን ሐረግና ዘለላ ተቀርጿል። ቀና ብሎ ሲያዩት አንገት ያማል።

አሁን ወደ እርስዎ እውነት ልምጣ። በኦቶማን ቱርክ ዘመን ወይን መጥመቅ ለክርስቲያኖች፣ ያውም ለሃይማኖት አገልግሎት ብቻ ነበር የሚፈቀደው። በ1857 ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ዛህሌ አጠገብ ክሳራ ላይ ወይን ተከሉ። ሳንሶን ከአልጄሪያ አምጥተው ያስገቡት እነሱ ናቸው። በግቢያቸው ሥር ከሮማውያን ዘመን የነበረ ዋሻ ተገኘና አስፍተው ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስ መተላለፊያ አወጡለት። እስከዛሬ በርሜል የሚያሳርፉት እዚያ ነው፤ ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜው አይለወጥም። መነኮሳቱ ንብረቱን የሸጡት በ1973 ነው። በ1868 ደግሞ የቤይሩትና የደማስቆን መንገድ ሊሠራ የመጣ ፍራንሷ ዩጂን ብሩን የሚባል ፈረንሳዊ ሽቱራ ላይ ዶሜይን ደ ቱሬልን መሠረተ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ አገሪቱን ስታስተዳድር ወታደሩና ሹሙ ጠጪ ሆነ፤ ገበያው ደራ። ሙዛርም በ1930 የተጀመረው በዚያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሊባኖስ ቀይ ወይን ውስጥ ያሉት የወይን ዓይነቶች በአብዛኛው በፈረንሳዮች በኩል የገቡ ናቸው። በርሜሉም እንደዚሁ። ሙያው ግን የአገሩ ነው። ነጩን ወይን ካዩ ኦባይዲና መርዋህ የሚባሉ የራሳቸው የድሮ ዝርያዎች አሏቸው።

ፈረንሳይ ያላስተማረቻቸው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሙዛር የወይን እርሻው ቤካ ነው፤ መጥመቂያው ግን ተራራውን ተሻግሮ ጋዚር ላይ ነው። ከ1975 እስከ 1990 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ወይን የጫነ መኪና የጦር ግንባር እያቋረጠ ነበር የሚያልፈው። በ1976 ጭራሽ ወይን አልወጣም። በ1984 መኪኖቹ መንገድ ተዘግቶባቸው ለቀናት ዞሩ፤ ፍሬው መጥመቂያው ሳይደርስ እዚያው ጭነቱ ላይ መፍላት ጀመረ። የሙዛር ጠማቂ ሰርዥ ሆሻር ያንንም ጠመቀው። በዚያው ዓመት ዲካንተር የሚባለው የእንግሊዝ የወይን መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ መረጠው፤ ሽልማቱ ሲጀመር የመጀመሪያው ተሸላሚ ነው። በ2014 መጨረሻ ሞተ። ከካዛንቺስ የጻፈችልን እህት እጅ ያለው ወይን እሱ በሕይወት ሳለ የተለቀመ የመጨረሻው ነው።

ክትፎ ቤት ልጋብዛት ነው፤ ቢራ አትወድም። የሊባኖስ ቀይ ይዤ ብሄድ ያስኬዳል? — ከፒያሳ

ሚጥሚጣ ካለበት አያስኬድም ወንድሜ። እነዚህ ወይኖች አልኮላቸው አብዛኛውን ጊዜ 13 ወይም 14 በመቶ ነው። ሚጥሚጣና አልኮል ሲገናኙ አፍ ይነዳል፣ ታኒኑም ያደርቃል። ወይኑም ክትፎውም ይባክናሉ።

ለብ ለብ ያለ ክትፎ ሚጥሚጣው ለብቻ ይቅረብላችሁ፤ ከአይብና ከጎመኑ ጋር ሲሆን ወይኑ ይስማማል። ቅቤው ታኒኑን ያለሰልሰዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የበግ ጥብስ ነው፤ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል ይብዛበት፣ ቃሪያው ይቀነስ። ለዶሮ ወጥ ደግሞ ከባዱን ተዉት። ሳንሶ ብቻውን የተጠመቀ ለጋ ቀይ ካገኛችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆዩትና ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጣ።

ሊባኖሶችም ክትፎ አላቸው። ክቤ ናዬ ይሉታል፤ ጥሬ ሥጋ ከስንዴ ክክ ጋር ተወቅጦ የወይራ ዘይት ይፈስበታል። ከሱ ጋር ቀይ ወይን አይጠጡም፣ አረቄያቸውን ነው። እነሱም የደረሱበት ይህንኑ ነው ማለት ነው።

ታናሽ እህቴ ቤይሩት ሠርታ የብዙ ወር ደመወዟን ሳትቀበል ነው የተመለሰችው። አንቺ ደግሞ ወይናቸውን ታወድሻለሽ። አይከብድሽም? — ከመርካቶ

ይከብደኛል እህቴ። ይህን ጥያቄ ከሁሉ ቀድሜ ነው ያነበብኩት፣ መልሱን ግን ደጋግሜ ነው የጻፍኩት።

የነበርኩበት ቤት አያት ደግ ሴት ነበሩ። ተታ ነበር የምንላቸው፤ በነሱ አያት ማለት ነው። መከር ሲደርስ ከጓሮው ወይን አንዲት ፍሬ ይቆርጣሉ። ሥጋዋን አይበሉም። የውስጧን ዘር አውጥተው በፊት ጥርሳቸው ይሰብሯታል። አረንጓዴ ከሆነችና ከመረረች «ገና ነው» ይላሉ። ቡናማ ሆና ቀጭ ካለች ይለቀም ይላሉ። ወይን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ፓስፖርቴ ግን በዚያ ቤት ሳለሁ እኔ ጋ አልነበረም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለሌላው ስል አልደብቅም።

ከፋላ የሚሉት አሠራር ሠራተኛዋን በአንድ አሠሪ ላይ ያስራታል። ያለ እሱ ፈቃድ ሥራ መቀየር የለም። በ2019 ኢኮኖሚያቸው ሲወድቅ ደመወዝ ቀረ። በ2020 ልጆቻችንን በመኪና አምጥተው ቤይሩት ባለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ፍራሽ ዘርግተው አስፋልት ላይ ሲያድሩ ዓለም አይቷል። በ2024 መጸው የእስራኤል አውሮፕላኖች ቤካንና ቤይሩትን ሲደበድቡ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ጥለው የሸሹባቸው ቤቶች ነበሩ።

ወይኑን የሚለቅሙትም ባለ ርስቶቹ አይደሉም። ቤካ ውስጥ ዘለላውን በመቁረጫ የሚቆርጡት አብዛኞቹ ሶርያውያንና በደዊን የሚባሉት ዘላኖች ናቸው፤ ብዙዎቹ ሴቶች። ስለ ወይን ስጽፍ የማስበው የነሱን እጅ ነው። ሙያውን አከብራለሁ። በሙያው ስም አገሩን ይቅር በሉ አልልም።

እህትሽ ያንን ጠርሙስ ማየት ካልፈለገች አታሳያት። «ወይኑ ምን አደረገ» የሚል ሰው ካለም ዝም በይው። ደመወዟን በሚመለከት የሥራ ውሏንና የአሠሪዋን አድራሻ የያዘ ወረቀት ካላት ኮፒው ይቀመጥ፤ እንዳትጥሉት።

የዝዋይ ወይንስ? ከሊባኖሱ ጋር ይወዳደራል? — ከሜክሲኮ

አፈሩን ትተን ከፍታውን ብቻ ብናይ ዕድል አለው። ቤካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ዝዋይ ከ1,600 ሜትር በላይ። ሁለቱም ቀን ፀሐይ ሌሊት ብርድ ናቸው። ቀን ስኳሩ ይሠራል፣ ሌሊት ጎምዛዛነቱ ይጠበቃል። ጥሩ ቀይ ወይን ሁለቱንም ይፈልጋል።

ልዩነቱ ክረምት ነው። ቤካ በረዶ ይወርዳል፤ የወይኑ ግንድ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዝዋይ አይተኛም። መቼ እንደሚያብብና እንደሚያፈራ የሚወስነው ገራዡ ነው። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ የወይን ኩባንያ እዚያ የተከለው ከ2007 ወዲህ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ያወጣው በ2014 ነው። እርሻው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሯል፤ ይህ ቤካ ውስጥ የማይታሰብ ችግር ነው። የዝዋዮቹን ወይኖች፣ አካሺያንም ሪፍት ቫሊንም፣ ምግብ ቤት እንቀዳለን፣ ደንበኛ ይወዳቸዋል። ለማስቀመጥ ሳይሆን ለመጠጣት ግዛቸው። አክሱማይት ጣፋጭ ስለሆነ ከዚህ ንጽጽር ውጪ ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። ምድር ቤት የለኝ። ወይን የት ላስቀምጥ? የተረፈውስ? — ከልደታ

የአዲስ አበባ አየር ለወይን ያደላ ነው፤ ምድር ቤት የግድ አይደለም። ፍሪጅ አናት ላይ ብቻ አታስቀምጥ፤ እዚያ ሙቀትም ንዝረትም አለ። መስኮት አጠገብም አይሁን። ቁም ሣጥን ታችኛው ክፍል፣ ከግድግዳው በኩል፣ ጠርሙሱን አጋድመህ አስተኛው፤ ቡሹ እንዳይደርቅ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ብትሆን ኖሮ ቆርቆሮው በጋ ስለሚግል አልጋ ሥር ይሻል ነበር።

ከተከፈተ በኋላ በራሱ ቡሽ ከድነህ ቀይም ቢሆን ፍሪጅ አስገባው። ሦስት ቀን ያቆይሃል። ከመጠጣትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል አውጣው። ከዚያ ካለፈ ጥብስ ላይ ጨምረው፤ አቼቶ አቼቶ መሽተት ከጀመረ ግን ለሰላጣ ነው።